ኢንግሪድ በርግማን፦ ስለ ፊልም ሥራዋና ስለ 1949ኙ ውዝግብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀናቱና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንግሪድ በርግማን ማን ነበረች?

ስዊድናዊት የፊልምና የቲያትር ተዋናይት ናት። ኦገስት 29 ቀን 1915 ስቶክሆልም ተወለደች፤ ልክ 67 ዓመት በሞላት ዕለት፣ ኦገስት 29 ቀን 1982፣ ለንደን ላይ በጡት ካንሰር አረፈች። ጀርመናዊት እናቷ የሞቱት ገና ሕፃን ሳለች ነው። የፎቶግራፍ ሱቅ የነበራቸው አባቷም በ13 ዓመቷ ስለሞቱ ዘመድ ቤት አደገች። በ1933 የስዊድን ንጉሣዊ ድራማ ቲያትር ትምህርት ቤት ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ግን ፊልሙ ወሰዳት።

በስዊድንኛ፣ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ ተውናለች። አንዱ አገር ፊት ሲነሳት ሌላው አገር ሥራ ያገኘችው በዚህ የተነሳ ነው።

ከዳይሬክተሩ ኢንግማር በርግማን ጋር ይዛመዳሉ?

አይዛመዱም። በርግማን ስዊድን ውስጥ የተለመደ የቤተሰብ ስም ነው። አብረው የሠሩትም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1978ቱ «ኦተም ሶናታ» ነው። የዳይሬክተሩ የመጨረሻ ሚስትም ስሟ ኢንግሪድ በርግማን ስለነበረ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም።

ሆሊውድ እንዴት ገባች?

በ1936 ስዊድን ውስጥ የሠራችውን «ኢንተርሜትሶ» ያየው ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ ፊልሙን በእንግሊዝኛ ደግሞ ሊያሠራት በ1939 አስመጣት። ያኔ ከጥርስ ሐኪሙ ፔተር ሊንድስትሮም ጋር ተጋብታ ሴት ልጅ ወልዳለች።

በዘመኑ ከውጭ የመጣች ተዋናይት መጀመሪያ የሚደረግላት እድሳት ነበር። ስሟ ይለወጣል፣ ቅንድቧ ይላጫል፣ ጥርሷ ይስተካከላል። ሴልዝኒክ ይህንኑ ሲያነሳባት እምቢ አለች፤ ከነካችሁኝ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ብላ ድርቅ አለች። ነጋዴው ሰውዬ አሰበበትና እምቢታዋን ራሱን ለገበያ አወጣው፦ ያልተኳለች፣ ያልተነካካች፣ እንዳለች የመጣች ሴት። ይህን ልብ ይበሉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣባት ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

ስንት ኦስካር አገኘች?

ሦስት፤ ለሰባት ታጭታ ነው። በ1944ቱ «ጋዝላይት» እና በ1956ቱ «አናስታዥያ» በዋና ተዋናይትነት፣ በ1974ቱ «መርደር ኦን ዘ ኦሪየንት ኤክስፕረስ» በረዳት ተዋናይትነት አሸንፋለች። በመጨረሻው ፊልም ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት የልዕልቷን ገጸ ባሕርይ ሊሰጣት ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን አነስተኛዋን ስዊድናዊት ሚስዮናዊት መረጠች። ሉሜት የምርመራዋን ክፍል አምስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ካሜራውን ሳያቋርጥ ቀረጻት፤ ሽልማቱ የመጣው በዚያች አንድ ቁራጭ ነው ማለት ይቻላል። መድረክ ላይ ወጥታም ሽልማቱ የሚገባው ለቫለንቲና ኮርቴሴ ነበር ብላ ተናገረች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ካዛብላንካ» ላይ ነው። በዚያ ፊልም አልታጨችም። በዚያው ዓመት ውድድር የታጨችው «ፎር ሁም ዘ ቤል ቶልስ» ላይ ነው።

«ካዛብላንካ» ሲቀረጽ መጨረሻውን አታውቅም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። በ1942 ቀረጻው ሲጀመር ስክሪፕቱ አላለቀም፤ ገጾቹ ሥራው እየተካሄደ ነበር የሚመጡት። እሷ የተጫወተቻት ኢልሳ በመጨረሻ ከባሏ ጋር ትሂድ ወይስ ከቀድሞ ፍቅረኛዋ ከሪክ ጋር ትቅር የሚለው አልተቆረጠም። ታዲያ የትኛውን ወንድ ነው የምወደው ብላ ስትጠይቅ፣ ለጊዜው ሁለቱንም መሃል ላይ አድርገሽ ተጫወቺ አሏት። ፊቷ ላይ የሚታየው መዋለል እንግዲህ ግማሹ ትወና፣ ግማሹ እውነተኛ ግራ መጋባት ነው።

ቁመትም ይጠየቃል። እሷ 1 ሜትር ከ75 ገደማ ስለነበረች ሪክን ከተጫወተው ከሃምፍሪ ቦጋርት ትበልጥ ነበር፤ አብረው ሲቆሙ እሱን ከፍ የሚያደርግ ነገር እግሩ ሥር ይደረግ ነበር።

ለሮሴሊኒ የጻፈችው ደብዳቤ ምን ይላል?

በ1948 የጣልያናዊውን ዳይሬክተር የሮቤርቶ ሮሴሊኒን ፊልም «ሮም ኦፕን ሲቲ» ካየች በኋላ ጣልያን ላከችለት። እንግሊዝኛ አቀላጥፋ የምትናገር፣ ጀርመንኛዋን ያልረሳች፣ ፈረንሳይኛዋ ብዙም የማይገባ፣ ከጣልያንኛ «ቲ አሞ» ከሚለው በቀር የማታውቅ ስዊድናዊት ተዋናይት ካስፈለገችህ መጥቼ ልሠራ ዝግጁ ነኝ የሚል አጭር ማስታወሻ ነው። «ቲ አሞ» ማለት እወድሃለሁ ማለት ነው፤ ቃሉን ያወቀችው አንድ ፊልም ላይ ተናግራው ነው። በኋላ ጉዳዩ ሲፈነዳ ደብዳቤው የፍቅር ደብዳቤ ተደርጎ ተነበበ። ስትጽፈው ግን ሮሴሊኒን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ሥራ መጠየቂያ ነበር።

ለምን ጠየቀች? በስቱዲዮ መብራት ሥር ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ መንገድ ላይ፣ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች መሃል የተቀረጸ ፊልም ስታይ ሌላው ሁሉ ውሸት ስለመሰላት ነው።

በ1949 በትክክል ምን ሆነ?

በማርች ጣልያን ሄደች፤ በኤፕሪል ከሲሲሊ በስተሰሜን ባለችው እሳተ ገሞራማ ደሴት በስትሮምቦሊ የሮሴሊኒ ፊልም «ስትሮምቦሊ» ቀረጻ ተጀመረ። እሷም እሱም ባለትዳር ነበሩ፤ ሮሴሊኒ ከሚስቱ ተለያይቶ ከተዋናይት አና ማኛኒ ጋር ይኖር ነበር። በሜይ ላይፍ መጽሔት ሁለቱ አማልፊ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚታዩበትን ፎቶ አወጣ። በኦገስት ከሊንድስትሮም ልፋታ ነው ብላ አስታወቀች። በዲሴምበር የሎስ አንጀለሷ የሐሜት ጸሐፊ ሉዌላ ፓርሰንስ እርግዝናዋን አወጣችው። ወንዱ ልጅ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1950 ሮም ተወለደ።

አንዲት ነገር ጉዳዩን በደንብ ታሳያለች። በጣልያን ሕግ ባለትዳር ሴት የወለደችው ልጅ የባሏ ነው። ሕፃኑ በሊንድስትሮም ስም እንዳይመዘገብ በልደት መዝገቡ ላይ አባት ሮሴሊኒ ተባለ፣ እናት ደግሞ «ለጊዜው ያልታወቀች» ተብላ ተጻፈች። በዓለም ላይ ፊቷ እጅግ ከታወቀ ሴቶች አንዷ በገዛ ልጇ ወረቀት ላይ ያልታወቀች ሆነች። ፍቺውን ሜክሲኮ አስፈጽመው ሜይ 24 ቀን 1950 እዚያው ሜክሲኮ በውክልና ተጋቡ፤ ሁለቱም በአካል ሳይገኙ ማለት ነው።

ሌሎች ተዋንያን ተመሳሳይ ነገር ሲያደርጉ ዝም የተባለው እሷ ላይ ለምን ይህን ያህል ጠነከረ?

ሕዝቡ የተቆጣው ባለትዳር በመውደዷ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። በ1945 «ዘ ቤልስ ኦፍ ሴንት ሜሪስ» ላይ መነኩሲት ሆና ነበር፤ በ1946 በኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር በብሮድዌይ ፈረንሳዊቷን ቅድስት ዣን ዳርክን ተጫወተች፤ በ1948 ዣን ዳርክን በፊልም ደገመቻት። ሴልዝኒክ የጀመረው «ያልተነካካች ሴት» የሚለው ማስታወቂያ በነዚህ ላይ ሲደረብ ተመልካቹ ገጸ ባሕርይዋንና እሷን መለየት አቆመ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱባት ተዋናይት ነበረች። መጀመሪያውኑ ወንድ አማላይ ተብላ የተሸጠች ተዋናይት ይህንኑ ብታደርግ ወሬ ሆኖ ያልፍ ነበር።

ቅድስት እንዳልነበረች ሆሊውድ ያውቃል። ከጦርነት ፎቶግራፈሩ ከሮበርት ካፓ ጋር በ1945 እና 46 ግንኙነት እንደነበራት በኋላ ራሷ በጻፈችው የሕይወት ታሪክ አውስታለች። ያኔ ጋዜጣ ላይ ስላልወጣ የጎዳት ነገር የለም። በ1949 ኤፕሪል የፊልም ኢንዱስትሪው የሥነ ምግባር ደንብ አስፈጻሚ ጆሴፍ ብሪን ደብዳቤ ጽፎላት ነበር፤ ወሬውን በይፋ አስተባብዪ፣ አለዚያ ሥራሽ ያበቃል የሚል ነው መልእክቱ። መውጫው በር ይኸው ነበር፦ መካድ። አልካደችም። የጎዳት እንግዲህ ማድረጓ ብቻ ሳይሆን አለመደበቋ ነው።

«ስትሮምቦሊ» የከሰረው በቅሌቱ ምክንያት ነው?

በከፊል ብቻ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1950፣ ሕፃኑ በተወለደ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲከፈት አንዳንድ ከተሞችና ሲኒማ ቤቶች አናሳይም አሉ። ገንዘቡን ያወጣው የሃዋርድ ሂዩዝ ኩባንያ አርኬኦ ግን ቅሌቱን ሊሸሽ ሳይሆን ሊሸጠው ነበር የፈለገው፤ ማስታወቂያው የሚናወጥ ደሴት፣ የሚናወጥ ስሜት የሚል ነበር። ያንን ብሎ የገባ ተመልካች ያገኘው ዓሣ አጥማጆችን፣ ድንጋይና ዝምታን ነው። ተናዶ ወጣ።

ሁለተኛው ምክንያት የአሠራሩ ልዩነት ነው። ሮሴሊኒ የተጻፈ ስክሪፕት አልነበረውም፤ በፊልሙ ባሏን ሆኖ የተጫወተውም ከሳሌርኖ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ተዋናይ ያልሆኑት የደሴቲቱ ሰዎች መቼ እንደሚናገሩ ስለማያውቁ ዳይሬክተሩ የእግር ጣታቸው ላይ ገመድ ያስርና ተራቸው ሲደርስ ይስበው ነበር። እሷ ፊት ለፊታቸው ቆማ የትኛው ገመድ እንደተሳበ ሳታውቅ መልስ ትጠብቃለች። ደሴቲቱ ላይ መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረም፤ ገላዋን የምትታጠበው ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው በማንቆርቆሪያ ቀዳዳ በሚያፈስላት የባሕር ውሃ ነበር። ከቀረጻ ቡድኑ አንድ ሰው ወደ እሳተ ገሞራው አፍ ሲወጣ ሕይወቱ አልፏል።

አሜሪካ እንዳትገባ በሕግ ታግዳ ነበር?

አልታገደችም። ይህ በብዙ ጽሑፍ የሚደጋገም ስሕተት ነው። ማርች 14 ቀን 1950 የኮሎራዶው ሴናተር ኤድዊን ጆንሰን በሴኔቱ ተነስቶ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ለክፋት ኃይለኛ ተጽዕኖ ያላት ሴት ናት አለ፤ ነውር የፈጸመ የውጭ ዜጋ በሕጋችን መሠረት ዳግመኛ አገራችንን አይረግጥም ሲልም ጨመረ። እሷ ስዊድናዊት ስለነበረች ንግግሩ ውሳኔ ይመስላል። ግን የአንድ ሰው ንግግር ነው፤ ድምፅ አልተሰጠበትም፣ ትእዛዝም አልወጣበትም።

ጆንሰን ያቀረበው የሕግ ረቂቅ ሌላ ነገር ነበር፦ ተዋንያን፣ ፕሮዲዩሰሮችና ፊልሞች ከመንግሥት ፈቃድ እንዲያወጡ፣ ምግባረ ብልሹ የተባለ ፈቃድ እንዲከለከል። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ለሰባት ዓመት አሜሪካን ያልረገጠችው ቪዛ ስለተከለከለች አይደለም፤ ሥራ የሚሰጣት ስቱዲዮ ስላልነበረ፣ ጋዜጠኛው በር ላይ ስለሚጠብቃት፣ ትንንሽ ልጆቿም ሮም ስለነበሩ ነው።

የመጀመሪያ ልጇን ጥላት ሄደች የሚባለውስ?

በ1949 ስትሄድ ለአንድ ፊልም ቀረጻ ነበር፤ ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነው። ከዚያ አልተመለሰችም፤ ይህን ራሷም አላስተባበለችም። ልጅቷ ከአባቷ ጋር አሜሪካ ቀረች። በ1951 ለንደን ላይ ለአጭር ጊዜ ተገናኙ። በ1952 ልጄ ለእረፍት ጣልያን ትምጣልኝ ብላ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ጠየቀች። የ13 ዓመቷ ልጅ ዳኛዋ ፊት ቀርባ መሄድ እንደማትፈልግ፣ እናቷን ደስ ትለኛለች እንጂ እወዳታለሁ እንደማትል ተናገረች። በርግማን ተረታች። እንደገና የተያዩት በ1957 ፓሪስ ነው።

ከሴናተሩ ንግግር ይልቅ የከበዳት ይህ ነበር። ኋላ «ኦተም ሶናታ» ላይ ለሙያዋ ስትል ልጆቿን የተወች ፒያኒስት ሆና ስትጫወት ተመልካች የራሷን ሕይወት ነው ያየው። እሷ በበኩሏ በቀረጻው ላይ ከኢንግማር በርግማን ጋር ስለ ቃለ ተውኔቱ ስትከራከር ነበር፤ እናቲቱ ያን ያህል ጨካኝ ልትሆን አትችልም እያለች።

ከሮሴሊኒ ጋር የሠራቻቸው ፊልሞች ውድቀት ነበሩ?

በገንዘብ አዎ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል። «ስትሮምቦሊ»፣ «ዩሮፓ 51»፣ «ጉዞ ወደ ጣልያን»፣ «ፍርሃት» ሲወጡ ተመልካች አጡ። የሚገርመው በተለይ «ጉዞ ወደ ጣልያን»ን የፈረንሳይ ወጣት ሐያስያን ወዲያው አነሱት፤ ዛሬ ከዘመናዊ ሲኒማ መነሻዎች አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። እሷ ግን በዚያ ውዳሴ አልተጽናናችም። ሮሴሊኒ ለሌላ ዳይሬክተር እንድትሠራ አይፈልግም ነበር፤ ዕዳ ደግሞ ይጨምር ነበር። መጀመሪያ ከእጁ የወጣችው ለዣን ሬኗር በሠራችው «ኤሌና» ነው፤ እሱም በ1956 ወጣ።

ቀለል ያለ ነገር ለሚፈልግ በ1953ቱ «ሲያሞ ዶኔ» ውስጥ አጭር ክፍል አለቻት፤ ጽጌረዳዋን የምትበላባትን የጎረቤት ዶሮ ስታሳድድ ትታያለች። አስቂኝነቷን በዚያ ዘመን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

እንዴት ተመለሰች?

በ«አናስታዥያ»። ዳይሬክተሩ አናቶል ሊትቫክ እሷ ካልሆነች አይሆንም አለ፤ የፊልም ኩባንያው ፎክስም ተስማማ። ቀረጻው የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ ሳይሆን አውሮፓ ነው። በ1956 የቴሌቪዥኑ አቅራቢ ኤድ ሰሊቫን ፕሮግራሙ ላይ ልትቀርብ ይገባታል ወይስ አይገባትም ብሎ ተመልካቹ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠየቀ፤ የሰባት ዓመት ተኩል ንስሓ አሳልፋለች በሚል አነጋገር። በሰው ሕይወት ላይ ድምፅ ማሰጠቱ ራሱን አስወቀሰው፤ እሷም ፕሮግራሙ ላይ አልቀረበችም። በ1957 ጃንዋሪ የኒውዮርክ የፊልም ሐያስያንን ሽልማት ልትቀበል አሜሪካ ገባች፤ አቀባበሉ ከጠበቀችው በላይ ሞቅ ያለ ነበር። በዚያው ዓመት ኦስካሩን በእሷ ስም የተቀበለው ካሪ ግራንት ነው። ሊሸሿት በቻሉበት ዘመን ካልሸሿት ጥቂቶች አንዱ ነበር።

ከሮሴሊኒ ጋርም በ1957 ተለያዩ። በ1958 ከስዊድናዊው የቲያትር ፕሮዲዩሰር ላርስ ሽሚት ጋር ተጋባች፤ በ1975 ተፋቱ።

ለናዚ ጀርመን ፊልም ሠርታለች?

አንድ ፊልም ሠርታለች፦ በ1938 በርሊን ላይ ለኡፋ ስቱዲዮ የተሠራውን «ዲ ፊር ጌዜለን»። ፖለቲካ የለበትም፤ ሥራ ስለሚፈልጉ አራት ሴቶች የሚተርክ ቀላል ኮሜዲ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ኡፋ በናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር በጎብልስ ቁጥጥር ሥር ነበር፤ ዳይሬክተሩ ካርል ፍሮሊሽም በሚቀጥለው ዓመት የናዚ መንግሥት የፊልም ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኗል። ውሏ ለተጨማሪ ፊልሞች ነበር፤ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ወደ ስዊድን ተመለሰች፣ ከዚያ የሆሊውዱ ጥሪ መጣ። የናዚ ደጋፊ ነበረች ለማለት የሚያበቃ ነገር አይገኝም። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት፣ ለሙያዋ ብቻ የምታስብ ሴት ዓይኗን ጨፍና ገባች ማለት ይቀርባል።

ሚዛኑን ለመያዝ የ1946ቱን ዋሽንግተን ማንሳት ያስፈልጋል። ብሮድዌይ ከመግባቱ በፊት የዣን ዳርክ ቲያትሯ የሚታይበት የሊስነር አዳራሽ ጥቁሮችን እንደማያስገባ ያወቀችው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነበር። ይህን ባውቅ አልመጣም ነበር፣ ጥቁርና ነጭ አብሮ እስካልተቀመጠ ድረስም እዚህ አልመለስም ብላ ለጋዜጠኞች ተናገረች። ተሰደበችበት። አዳራሹ በሚቀጥለው ዓመት ደንቡን ለወጠ፤ ምክንያቱ ግን እሷ ብቻ አልነበረችም፣ ተቃውሞው ሰፊ ነበር።

የአሜሪካ ሴኔት ይቅርታ ጠይቋታል?

ሴኔቱ እንደ ተቋም ስለ መጠየቁ የሚጻፈው የተጋነነ ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1972 የኢሊኖይ ሴናተር ቻርልስ ፐርሲ በሴኔቱ ስሟን አንስቶ በ1950 የተሰነዘረባት ጥቃት ተገቢ እንዳልነበረ ተናገረ፤ ይቅርታውም በኮንግረሱ መዝገብ ገባ። ንግግሩ የአንድ ሴናተር ነው፤ ልክ የጆንሰኑም የአንድ ሴናተር እንደነበረ ሁሉ። ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን «ሴኔቱ አወገዛት»፣ የሁለተኛውን «ሴኔቱ ይቅርታ ጠየቃት» እያሉ ሁለቱንም ያሳድጓቸዋል።

የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር በነበረችው በጎልዳ ሜየር ላይ በተሠራው ፊልም እውነት ታማ ነው የተጫወተችው?

አዎ። የመጨረሻ ሥራዋ ነው፤ እስራኤል ውስጥ ተቀርጾ በ1982 በቴሌቪዥን ታየ። ከጡት ቀዶ ሕክምናው በኋላ ቀኝ ክንዷ በጣም ያብጥ ነበር። እጇ የሚታይበት ቀረጻ ሲኖር እብጠቱ እንዲቀንስ ሌሊቱን ክንዷን ወደ ላይ ሰቅላ ታድር ነበር። የቴሌቪዥን ሥራ ሽልማት የሆነው ኤሚ የተሰጣት ካረፈች በኋላ ሲሆን የተቀበለችላት ያቺው የመጀመሪያ ልጇ ናት።

«ስትሮምቦሊ»ን ለማየት ፈልጌ ነበር፤ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ቅጂዎች አሉ። የቱን ልምረጥ?

መጀመሪያ ደቂቃውን ይመልከቱ። 81 ደቂቃ ከሆነ አርኬኦ ለአሜሪካ ገበያ የቆረጠው ነው፤ ሮሴሊኒ የኔ አይደለም ብሎ የካደው። 107 ደቂቃ አካባቢ የሆነው እንግሊዝኛ ቅጂ የዳይሬክተሩ ነው፤ የሷም እውነተኛ ድምፅ ያለው እሱ ላይ ነው። በጣልያንኛ የሚናገረው ቅጂ ላይ ድምፁ የሌላ ሴት ነው።

ልዩነቱ የደቂቃ ብቻ አይደለም። በአጭሩ ቅጂ መጨረሻ ላይ ተራኪ ድምፅ ገብቶ ሴትየዋ ወደ ባሏ እንደተመለሰች ይነግረናል፤ ሂዩዝ በሚሸጠው ፊልም ላይ ኮብላይ ሚስት ቤቷ መግባት ነበረባት። በረጅሙ ቅጂ ተራኪ የለም። ነፍሰ ጡሯ ሴት ተራራው ላይ፣ ጭሱ መሃል፣ እግዚአብሔርን እየተጣራች ትቀራለች፤ ትመለስ አትመለስ ሳይነገረን ፊልሙ ያልቃል።